ውኃ በሀዋሳ በ94 ዲግሪ ይፈላል፦ በአሮጌ የወረዳ መኪኖች ላይ ተጨማሪ ጌጅ ስለመግጠም

ከሀዋሳ ተነስቶ በአለታ ወንዶ በኩል ሀገረ ሰላም የሚወጣ መኪና ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከሆነ ሜዳ ተነስቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። መነሻው የሎካ አባያ ቆላ ከሆነ ደግሞ ዳገቱ ከዚያም ይብሳል። ከኋላ ምርጥ ዘር ወይም ማዳበሪያ የተጫነበት፣ አለዚያም በበረዶ ሳጥን የተያዘ የእንስሳት ክትባት የያዘ፣ ውስጡ በባለሙያ የሞላ አሮጌ ላንድክሩዘር በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ሞተሩ ከሥራዎቹ ሁሉ ከባዱን የሚሠራው እዚህ ነው። ፈልቶ የሚቆመውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ነው።

ሾፌሩ ቸልተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም መኪና የሚፈላው። የዳሽቦርዱ የሙቀት መርፌ መሃል ላይ እንደቆመች፣ ቀዩ የዘይት መብራት ሳይበራ፣ የመጀመሪያው ምልክት ከኮፈኑ ስር የሚወጣው እንፋሎት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያን ሰዓት ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ፣ ቴስታታውም ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ደግሞ በሞተሩ ላይ አያበቃም። አብዛኞቹ የእንስሳት ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለባቸው፤ የበረዶ ሳጥኑ መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ አይጠብቅም። እሸት ቡና የጫነ የአርሶ አደር ፒክአፕ ከሆነ ቡናው በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ መቡካት ይጀምርና ደረጃው ይወርዳል። ማዳበሪያውም ቢሆን የመዝሪያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ፋይዳው ያው ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል። በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወጣ። እንግዲህ በግቢያችን የቆመው ባለ ኮድ 4 አሮጌ መኪና የነገም መኪናችን ነው። አዲስ እስኪመጣ እያልን የምናባክነው ሞተር የለንም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከፋብሪካው ጌጆች በተጨማሪ ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ ቁጥር የሚያነቡ ጌጆችን መግጠም ነው። ከየወረዳው ለስብሰባም ሆነ ለግዥ ሀዋሳ የገባ የመንግሥት መኪና ፒያሳን ሳይረግጥ አይመለስምና፣ ሥራው በዚያው ጉዞ ሊያልቅ የሚችል ነው። ግን አገጣጠሙ ካልታወቀ ጌጁ ራሱ ሌላ ውሸታም ይሆናል።

መርፌዋ ለምን ትዋሻለች?

በወረዳዎቻችን በብዛት የሚታየው የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ነው። ከ1990 ጀምሮ የተገጠመለት ዋን ኤች ዜድ የተባለው ሞተር 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። ጠንካራነቱ የተመሰከረለት ሞተር ነው፤ ነገር ግን ውኃ ካለቀበት እንደማንኛውም ሞተር ይቃጠላል።

የፋብሪካ የሙቀት ጌጅ ላይ ብዙውን ጊዜ ቁጥር የለም። ‹‹ሲ›› እና ‹‹ኤች›› የሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው ያሉት። በኋለኛው ዘመን የተሠሩት ደግሞ ሆን ተብሎ መርፌዋ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሃል ላይ እንድትቆይ ተደርገዋል፤ ገዢው በየዳገቱ መርፌ ስትንቀሳቀስ እያየ እንዳይሰጋ ነው። መርፌዋ ከመሃል ስትነሳ እንግዲህ ነገሩ አስቀድሞ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከፋል። የሙቀት ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ውኃ ነው። የራዲያተር ጎማ ቱቦ ፈንድቶ ውኃው በድንገት ከፈሰሰ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ እየጋለ መርፌዋ ከመውጣት ይልቅ ልትወርድ ትችላለች። ሾፌሩ ‹‹ቀዘቀዘ›› ብሎ ይነዳል። ብዙ ቴስታታ የተበላው በዚህ መንገድ ነው።

የዘይት መብራቱም እንዲሁ ነው። መብራቱን የሚያበራው ማብሪያ የሚሠራው ግፊቱ እጅግ ሲወርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ 0.3 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው። ሞተሩ በ3,000 ዙር ሲሮጥ የሚያስፈልገው ግፊት ከ2.5 ባር በላይ ነው። ከ2.5 ወደ 0.3 እስኪወርድ ድረስ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ የክራንክሻፍቱ ብሮንዚኒ እየተፋቀ ዳሽቦርዱ አንዳች አይናገርም። መብራቱ ሲበራ የሚነግረን ስለ ሞተሩ ሕመም ሳይሆን ስለ ሞቱ ነው።

በዕድሜ የገፉት ላንድሮቨሮችና የ40 ተከታታይ ቶዮታዎች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በብዙዎቹ የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ ትንሽ የቮልቴጅ ማስተካከያ ነው። ሁለቱም መርፌዎች በአንድ ጊዜ ከፍ ካሉ ወይም በአንድ ጊዜ ዝቅ ካሉ ችግሩ ያለው በሞተሩ ወይም በታንከሩ ላይ ሳይሆን በዚያች ማስተካከያ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህችን ሳይፈትሹ ጌጅ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

እዚህ ላይ የጸሐፊው እምነት ግልጽ ይሁን። አዲስ ጌጅ ከመግዛት በፊት ያለው ይጠገን። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ ተበጥሶ የቆመበት መኪና የዘይት መቀየሪያው መቼ እንደደረሰ አይታወቅም፤ የነዳጅ ኩፖኑም በግምት ይወራረዳል። ቆጣሪው ሳይሠራ የሚሞላ የጉዞ መዝገብ መዝገብ አይባልም። የተበጠሰ ገመድ መቀየር ከማንኛውም ተጨማሪ ጌጅ ይቀድማል።

የትኞቹ ይገጠሙ?

ተርቦ ለሌለው ናፍጣ ሦስት ይበቃሉ፤ የውኃ ሙቀት፣ የዘይት ግፊት እና ቮልት ሜትር። ገንዘብ ካነሰ ቮልት ሜትሩ ይቆይ። ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ አራተኛ ጌጅ ከመጨመር ይልቅ ውኃ ሲጎድል የሚጮህ ማስጠንቀቂያ፣ ወይም በቴስታታው ብረት ላይ በቡሎን የሚታሰር የሙቀት ሴንሰር መጨመር ይሻላል። የብረቱን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ውኃው ቢፈስም ብረቱ ሲግል ይናገራል፤ ከላይ ያልነውን የ‹‹ቀዘቀዘ›› ስህተት የሚያስቀረው እሱ ነው። በኋላ ተርቦ ለተገጠመለት ሞተር የጭስ ሙቀት ጌጅ ያስፈልጋል፤ ለሌላው ግን ጌጥ ነው።

አምፔር ሜትር ግን አይገጠም። በድሮዎቹ መኪኖች የተለመደ ነበር። ሆኖም የባትሪውን ጅረት በሙሉ በወፍራም ሽቦ ወደ ሾፌሩ ጉልበት አጠገብ ያመጣል፤ ሽቦው ከተፋቀ እሳት ነው። ቮልት ሜትር በሁለት ቀጭን ሽቦ ይሠራል፤ የሚነግረውም የበለጠ ነው። ሞተር ጠፍቶ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ዲናሞው ይሠራል። ከ13 በታች ከሆነ ቺንጊያው ላልቷል ወይም ዲናሞው ደክሟል። ቺንጊያው በብዙ ሞተሮች የውኃ ፓምፑንም ስለሚያዞር የቮልት መውረድ የሙቀት መጨመር ቀዳሚ ዜና ሊሆን ይችላል።

ፒያሳ ላይ ሲገዛ

አንድ ነገር ሳይነሳ ማለፍ አይቻልም። ሀዋሳ የተቆረቆረችው ጣሊያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም ነው። ያም ሆኖ ማዕከሏ ፒያሳ ተብሏል፤ መካኒኮቿም ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ ይላሉ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ጌጅ የሚለው ቃል ግን እንግሊዝኛ ነው። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ሞተር የሚያወርዱ እጆች ሞልተው ጌጅ በትክክል የሚገጥም የሚፈለገው!

ግዥ ላይ ዋናው ነገር ጌጁና ሴንሰሩ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ካርቶን የመጡ መሆናቸው ነው። ሴንሰር ማለት ሙቀት ወይም ግፊት ሲለወጥ የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው የሚለወጥ ዕቃ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ሴንሰር ከሌላው ጌጅ ጋር ቢገናኝ መርፌዋ ትንቀሳቀሳለች፤ የምታሳየው ቁጥር ግን የፈጠራ ነው። ሱቁ ሴንሰሩን ለብቻ፣ ጌጁን ለብቻ ካቀረበ መግዛት አይገባም።

ሁለተኛው ጥርስ ነው። የጃፓን ሞተሮች ለዘይት ግፊት ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት አንድ ስምንተኛ ቢ ኤስ ፒ ቲ የሚባለውን ጥርስ ነው፤ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ ይቆጠራል። የአሜሪካ ጌጆች አንድ ስምንተኛ ኤን ፒ ቲ ናቸው፤ በአንድ ኢንች 27 ጥርስ። በዓይን አይለዩም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በቀላሉ ይገባሉ፤ ከዚያ ሲጠብቁ የሞተሩን ጥርስ ይበላሉ። ሞተሩ ላይ የተበላ ጥርስ ደግሞ ከጌጁ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ስለዚህ አሮጌው ማብሪያ ተፈትቶ ወደ ሱቅ ይወሰድ፤ መገናኛው በእሱ ልክ ይመረጥ።

ሦስተኛው ቮልቱ ነው። አንዳንድ ላንድክሩዘሮች በ24 ቮልት ይሠራሉ። ሁለት ባትሪ ስለታየ ብቻ 24 ነው ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተያይዘው 12 ቮልት የሚሰጡባቸውም አሉ። በመለኪያ ይረጋገጥ። የ12 ቮልት ጌጅ 24 ላይ ከተገናኘ ዕድሜው ጥቂት ሰከንድ ነው።

አገጣጠሙ

ከሁሉ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ይህ ቀላል ነገር በችኮላ ስለሚዘለል ነው በቅድሚያ የሚጻፈው።

ለውኃ ሙቀት ሴንሰር የተሻለው ቦታ ከቴርሞስታት በፊት፣ በቴስታታው ላይ ያለ ክፍት ቀዳዳ ነው። እሱ ከሌለ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቱቦ ተቆርጦ የአልሙኒየም መገናኛ ይገባበታል። ይህ ቀላል ቢሆንም ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ መገናኛው ከቴርሞስታት በኋላ ስለሆነ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ ቀዝቃዛ ያነባል፤ ጌጁ ተበላሸ ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ መገናኛው በሁለት ጎማ መካከል የተንጠለጠለ ብረት ነውና ከሞተሩ አካል ጋር አይነካካም። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ሴንሰር ጅረቱን የሚመልሰው በአካሉ በኩል ስለሆነ፣ ከመገናኛው ወደ ሞተሩ ብረት የኔጌቲቭ ሽቦ ካልተሳበለት አይሠራም። በጥርሱ ላይ ቴፍሎን ማብዛትም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። ሴንሰሩ ከብረቱ ተለይቶ ይቀርና ሙቀቱን አሳንሶ ያሳያል። ጥቂት የጥርስ ማሸጊያ ፈሳሽ ይበቃል።

የፋብሪካው ሴንሰር ግን አይነሳ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሥሩ፤ አንዱ ሌላውን ይመሰክራል።

ሽቦ የሌላቸው፣ በቀጭን የመዳብ ቱቦ የሚሠሩ የሙቀት ጌጆችም አሉ። በቱቦው ውስጥ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ስላለ ኤሌክትሪክ አያስፈልጋቸውም፤ ለአሮጌ መኪና አስተማማኝ ናቸው። ቱቦው ረዘመ ተብሎ ከተቆረጠ ግን ዕቃው በዚያው ሞተ። የተረፈው ይጠቀለል፤ አይታጠፍ።

ለዘይት ግፊት በሞተሩ ብሎክ ላይ ካለው የፋብሪካ ማብሪያ ቦታ ‹‹ቲ›› መገናኛ ገብቶ፣ በአንዱ በኩል አሮጌው ማብሪያ፣ በሌላው አዲሱ ሴንሰር ይታሰራል። ስህተት በብዛት የሚፈጸመው እዚህ ነው። የግፊት ሴንሰር ከባድ ነው። በነሐስ ‹‹ቲ›› ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ በእኛ ኮረኮንች መንገድ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ነሐሱ ይሰበራል። ሲሰበር ደግሞ የሞተሩ ዘይት በሙሉ በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ሞተር እንዲያድን የተገጠመ ጌጅ ሞተር ገደለ ማለት ነው። ከብሎኩ አጭር የግፊት ቱቦ ወጥቶ ሴንሰሩ በመኪናው አካል ላይ በብረት ማሰሪያ ይታሰር። በፕላስቲክ ቱቦ ዘይቱን ራሱን ወደ ዳሽቦርድ የሚያመጡት ጌጆች ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን ቱቦው ተፍቆ ሲቀደድ የጋለ ዘይት በሾፌሩ እግር ላይ ይረጫል። በወረዳ መኪና ላይ ባይገጠሙ ይመረጣል።

ሽቦዎቹ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ ሲገቡ በትራፓኖ የተበሳው ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ይግባለት፤ ባዶ ቆርቆሮ ሽቦን እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። ኤሌክትሪኩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራ መስመር፣ በራሱ አነስተኛ ፊውዝ አልፎ ይምጣ። ሽቦን ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለአንድ ክረምት ያገለግላል፤ ሁለተኛው ክረምት ላይ መርፌዋ መዝለል ትጀምራለች። በስታኞ ይበየድ ወይም በመገጣጠሚያ ይጨመቅ።

ጌጆቹ የሚቀመጡት ሾፌሩ አንገቱን ሳያዞር በሚያይበት ቦታ ነው። አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ጌጁን በማቀፊያው ውስጥ አዙሮ፣ ሞተሩ በደህናው ቀን ሲሠራ መርፌዋ ቀጥ ብላ ወደ ላይ እንድታመለክት ማድረግ ነው። ሦስቱም መርፌዎች ቀጥ ካሉ ሁሉም ደህና ነው። አንዷ ካዘነበለች ቁጥር ሳይነበብ ይታወቃል። በተለይ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቁጥር የማንበብ ጊዜ የለምና ይህ ትልቅ ጥቅም አለው።

በፈላ ውኃ መፈተን

ጌጁ ከመታሰሩ በፊት መፈተን አለበት። ሴንሰሩ በማንቆርቆሪያ ውስጥ በሚፈላ ውኃ ይነከርና ጌጁ ከባትሪ ጋር ተገናኝቶ ይነበባል። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባህር ዳርቻ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በሀዋሳ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ፣ በሀገረ ሰላም ደግሞ በ91 አካባቢ ነው። ስለዚህ ፒያሳ ላይ በፈላ ውኃ ውስጥ 94 ያሳየ ጌጅ ደህና ነው። 100 ያሳየው ነው የተሳሳተው። ትክክለኛውን ዕቃ ‹‹ስድስት ዲግሪ ይጎድለዋል›› ብሎ የመለሰ ገዢ ካለ፣ የተሳሳተውን ይዞ ሄዷል ማለት ነው።

ይኸው ቁጥር ስለ ራዲያተር ክዳንም ይናገራል። ክዳኑ ማፍሰሻ መድፈኛ ብቻ አይደለም። ውስጡ ባለው ስፕሪንግ ግፊት ይይዛል፤ 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን በሀዋሳ ከፍታ ውኃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል። ክዳኑ ከላላ፣ ወይም ጠፍቶ በጨርቅ ከተወተፈ ግን ውኃው በ94 ይፈላል። ዳገቱ ላይ ሲወጣ ደግሞ በ91። ናፍጣ ሞተር በጤናው ቀን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ክልል ስለሚሠራ የቀረው ክፍተት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ጌጅ ከመገዛቱ በፊት ክዳን ይገዛ ብንል ማጋነን አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚነሳ ልማድ አለ። መኪና ሲሞቅ ‹‹ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል›› መፍትሔ ተደርጎ ይወሰዳል። አይደለም። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውኃው በራዲያተሩ ሳያልፍ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከውኃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ዳገት ላይ ይፈላል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ቀዝቅዞ ናፍጣ ይበላል። አዲሱ ጌጅ ሲገጠም ይህ ሁሉ በቁጥር ይታያል።

ሾፌሩ ሲያቆም

ጌጅ የሚጠቅመው የሚታዘዝለት ሰው ካለ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሾፌሩ ቁጥሮቹን በመዝገብ ይጻፍ፤ በሜዳ ስንት፣ በዳገት ስንት፣ ጭነት ሲኖር ስንት፣ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲቆም የዘይቱ ግፊት ስንት እንደሆነ። መካኒኮች የዘይት ግፊትን በግርድፉ ለየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር ብለው ያሰሉታል፤ ዋናው ግን የዚያ የራሱ የመኪናው ልማድ ነው። ከሦስት ወር በኋላ በተመሳሳይ ዳገት ላይ ሙቀቱ በ8 ዲግሪ ከጨመረ መኪናው ገና ሳይፈላ ራዲያተሩ እየተደፈነ መሆኑ ታወቀ።

መርፌዎቹ ሲያስጠነቅቁ የሚወሰደው እርምጃ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የሙቀቱ መርፌ ወጥታ ውኃው ካልፈሰሰ፣ ማርሽ ይቀነስ፤ አሁንም ከወጣች ጥግ ይዞ ይቆም። ሞተሩ ወዲያው አይጥፋ፤ በሚኒሞ እየዞረ ፋኑና ፓምፑ ያቀዝቅዙት። ክዳኑ አይከፈት። ውኃ የፈሰሰ እንደሆነ ግን ሞተሩ ይጥፋ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ የወንዝ ውኃ መጨመር ቴስታታ ይሰነጥቃልና እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ። የዘይቱ ግፊት ሲወርድ ደግሞ ምንም ምክክር የለም። በዚያው ቅጽበት ይጥፋ፤ ‹‹እዚያች ቀበሌ ድረስ›› የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ላይ ነገሩ ከመካኒክ እጅ ወጥቶ የወረዳ ኃላፊዎች ጉዳይ ይሆናል። ሾፌሩ ዳገት መሃል ሲያቆም ከጎኑ የተቀመጠው ኃላፊ ስብሰባ ይረፍድብኛል ብሎ ‹‹ንዳው›› ካለው፣ ሦስት ጌጅ ቀርቶ አሥር ቢገጠም ዋጋ የለውም። ሞተሩ ሲቃጠል ተጠያቂው ሾፌሩ፣ ትእዛዙን የሰጠው ግን ሌላ ሰው ነው። ጽሕፈት ቤቶች በቁጥር ሊወስኑት ይችላሉ። ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ካለፈ ወይም የዘይቱ ግፊት ከተወሰነው በታች ከሆነ ሾፌሩ ማንንም ሳያስፈቅድ ያቆማል የሚል አጭር ማስታወሻ በኃላፊው ፊርማ ወጥቶ በመኪናው ውስጥ ቢለጠፍ ክርክሩን ይዘጋዋል። ጌጅ ያለዚህ ወረቀት ከተገጠመ፣ ሾፌሩን በሚያየው አደጋና በሚሰማው ትእዛዝ መካከል ከማስጨነቅ በቀር የሚፈይደው የለም።

ትራክተርና የውኃ ፓምፕ ያላቸው አርሶ አደሮችም ከዚህ የሚወስዱት አለ። ትራክተር ሲመጣ የሙቀትና የዘይት ጌጅ፣ ከዚያም የሥራ ሰዓት ቆጣሪ ይኖረዋል፤ ዘይቱም የሚቀየረው በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። ቆጣሪው ከቆመ ‹‹ባለፈው መኸር ቀይረናል›› በሚል ግምት ይታረሳል። በኪራይ የሚያርስ ትራክተር ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ ባለቤቱ የሚከስረው ሁለት ጊዜ ነው፤ በዘይቱም በኪራይ ሒሳቡም። ሌሊት ብቻውን የሚሠራ የመስኖ ናፍጣ ፓምፕ ደግሞ መርፌ የሚያይለት ሰው የለውም። ለእሱ የሚስማማው የዘይት ግፊት ሲወርድ ወይም ሙቀት ሲያልፍ ነዳጁን ቆርጦ ሞተሩን ራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ነው።

ወደ መንግሥት መኪኖች ስንመለስ፣ የንብረት ነገር መዘንጋት የለበትም። ሾፌሩ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ የገጠመው ጌጅ ነገ ሲዛወር ይዞት ይሄዳል፤ ቀዳዳዎቹና የተቆረጠው ቱቦ ለተተኪው ይቀራሉ። በግዥ ይገባ፤ ሞዴል 19 ተቆርጦለት ገቢ ይሁን፤ በሞዴል 22 ወጥቶ በመኪናው ታሪክ መዝገብ ላይ የተገጠመበት ቀንና የሽቦዎቹ መስመር ይጻፍ። መኪናው የሚወገድበት ቀን ሲደርስም ሦስቱ ጌጆች ከነሴንሰራቸው ተፈትተው፣ በማንቆርቆሪያ ውኃ እንደገና ተፈትነው በሌላው መኪና ላይ ይታሰራሉ። አሮጌው ማብሪያ ወደ ቦታው ይመለሳል።